«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ልጅ ካሳደጉ በኋላ ማንበብ



በዚህ ወር አምዳችን ስለ አንድ የቆየ ልብ ወለድ እንጨዋወታለን። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ስንቱ አንብቦታል፤ ያላነበበውም ቢሆን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶታል። ብዙዎች መጽሐፉን የሚያገኙት በአሥራዎቹ ዕድሜ ነው። በዚያ ዕድሜ አንባቢው የሚሮጠው ወደ በዛብህና ወደ ሰብለ ወንጌል ነው፤ የሚያለቅሰውም ለእነሱ ነው።

«የጎጃም ደብርና የቅኔ ቤት ታሪክ ለሙስሊም ቤተሰብ ምን ይፈይዳል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ከደብሩ ሳይሆን ከወላጆቹ ቤት ይገኛል።

ልጅ ወልዶ ያሳደገ ሰው መጽሐፉን እንደገና ሲገልጠው ዓይኑ የሚያርፈው በሌላ ቦታ ነው። ወጣቱ ቶሎ ቶሎ ገልብጦ በሚያልፈው መጀመሪያ ላይ ማንኩሳ አለች። እዚያ ቦጋለ መብራቱ የሚባል ዕድሜው የገፋ ሰውና ውድነሽ በጣሙ የምትባል፣ ባሎቿ እየሞቱባት «ገፊ» ተብላ የተፈራች ሴት ይጋባሉ። የመኳንንት ወግ የለበትም፤ ድግሱም አያስወራም። ቢሆንም በዚያ ሁሉ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ መተሳሰብ የሚታይበት ትዳር የትኛው ነው ቢባል፣ እኔ የማነሣው የእነዚህን የሁለቱን ነው።

ከዚያ ስለቱ ይመጣል። ሕፃኑ በዛብህ ሲታመምባት እናት ተጨንቃ፣ ከዳነ ለቤተ ክርስቲያን ልትሰጠው ትሳላለች። የዒምራን ሚስት በማኅፀኗ ያለውን ለጌታዋ የተሳለችበትን ታሪክ ከቁርኣን ለሚያውቅ አንባቢ የእናት ስለት እንግዳ ነገር አይደለም። ነገሩ የሚከብደው ልጁ አድጎ፣ ተምሮ፣ ሰው ሲወድ ነው። ያኔ ስለቱ ከፊቱ ይቆማል። ሳይጠየቅ የተወሰነበት ሕይወት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው የራሱ ባልሆነ ነገር ላይ ስለት እንደሌለው አስተምረዋል። ስለት አንበለው እንጂ፣ ገና በእቅፍ ያለን ልጅ «ሐኪም ነው የሚሆነው» ብለን የወሰንንበት ስንቶቻችን ነን? እናቲቱን ግን መውቀስ ይከብዳል። በታመመ ልጅ ራስጌ ቁጭ ብሎ ያነጋ ወላጅ ያውቃታል።

ዋናው ነገር ያለው በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ነው። ፊታውራሪና ወይዘሮ ጥሩ አይነት በባላገሩ ላይ ምንም ቢሆኑ ልጃቸውን ይወዳሉ። አስተማሪ አምጥተው በቤቷ ያስተምሯታል። ነገር ግን ለጋብቻ የሚመጣውን ሁሉ በአጥንት ይመዝኑታል፤ ይህ ዘሩ አነሰ፣ ያ ከእኛ አይመጥንም እያሉ ይመልሱታል። ዓመት ዓመትን ይወልዳል፤ ጠያቂውም እየሳሳ ይሄዳል። በወጣትነት እነዚህን ገጾች ያነበበ በፊታውራሪ ይስቃል። ልጅ ያደረሰ አባት ሲያነባቸው ግን ሳቁ ይቀንስበታል።

እስቲ መጽሐፉን ለአፍታ አጥፈን ወደየራሳችን ሳሎን እንመልከት። ጀመዓው የሚያውቀው፣ በሶላቱም በጠባዩም የተመሰገነ ወጣት ሽማግሌ ይልካል። የመጀመሪያው ጥያቄ «አገሩ የት ነው? ጎሣው ምንድን ነው?» ይሆናል። ቀጥሎ «ቤት አለው? ውጭ አገር ዘመድ አለው?» ይመጣል። ሽማግሌዎቹ «እናስብበት» ተብለው ቡናቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ። ልጅቱ በጓዳ ሆና ሰምታለች። እሷን የጠየቃት ግን የለም፤ የሴቲቱ ፈቃድ በኒካሕ ምን ያህል ቦታ እንዳለው በየኹጥባው እየሰማን! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዲኑና ጠባዩ የተወደደለት ሰው ሲመጣ እንዲዳርለት፣ ያ ካልሆነ ግን በምድር ላይ ፈተናና ብልሽት እንደሚከተል አስጠንቅቀዋል። ይህን ሐዲስ በቃሉ የሚያውቅ አባት የፊታውራሪን ሚዛን ከየት አምጥቶ ነው የሚይዘው?

አንዳንድ ወላጅ ደግሞ «መጽሐፉ ልጆችን ያበላሻል፤ አስተማሪና ተማሪ በድብቅ ሲዋደዱ ያሳያል» ይላል። አስተያየቱን አንንቀውም፤ ወንድና ሴት ብቻቸውን የሚሆኑበትን ነገር ዲናችን በከንቱ አልከለከለም። ደራሲውም ቢሆን ውጤቱን አላቆነጀውም። በዛብህ አገር ጥሎ ይሸሻል፤ ሰብለ ወንጌል በመነኩሴ ልብስ ሆና ትከተለዋለች፤ ስታገኘው ቆስሎ በሞት አፋፍ ላይ ነው። ነገር ግን የጓሮውን በር የሚወቅስ ሰው የፊት ለፊቱን በር ማን እንደቆለፈው አብሮ ይጠይቅ።

ጉዱ ካሣም ከአንባቢው ዕድሜ ጋር ይለወጣል። ወጣቱ በድፍረቱ ይቀናበታል፤ ሥርዓቱ ሰውን እንደ ድንጋይ ካብ አንዱን ባንዱ ላይ መደርደሩን ፊት ለፊት ይናገራልና። ለአዋቂው ግን እጅግ ብቸኛ ሰው ሆኖ ይታየዋል። ዘመዶቹ ሁሉ ይሰሙታል፣ ማንም አይቀበለውም፤ «እብድ» ብለው ያልፉታል። በየቤተሰቡ እንዲህ ያለ አጎት አይጠፋም፤ «ኧረ ልጅቷን ጠይቋት» ሲል «የእሱን ነገር ተዉት» የሚባል።

ስለ ባላገሮቹ ዐመፅ፣ ስለ አበጀ በለውና ስለ ፊታውራሪ መማረክ ብዙ ተጽፏልና እዚህ አንደግመውም። መሬት ላራሹ የታወጀው የካቲት 1967 ዓ.ም. ማለትም መጽሐፉ ከወጣ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆይቶ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ደራሲው ራሳቸው የቄስ ልጅ ሆነው በአምባሳደርነትና በትምህርት ሚኒስትርነት ያገለገሉ ናቸውና የሚነቅፉትን ሥርዓት ከውስጥ ያውቁታል። አንዳንድ ቦታ ትረካው መርዘሙ አይካድም፤ ሲደክማችሁ ጥቂት ገጽ ብትዘሉ የሚቀየማችሁ የለም። የማንኩሳውን ክፍል ግን አትዝለሉ።

መጽሐፉ በቤታችሁ ካለ ለአቅመ አዳምና ሔዋን ከደረሱ ልጆቻችሁ ጋር በየተራ አንብቡት። ስትጨርሱም የሰብለ ወንጌልን አባትና እናት አንሥታችሁ «እነሱን ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ ከዚያም ሳታቋርጡ አዳምጧቸው።