«ዋቱን ጨምረው» የሚሉት ምክር

ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) የሚያጨስ ሰው ጭሱ ሲሳሳበት፣ ጣዕሙ ሲደበዝዝበት ወይም ጉሮሮውን አልያዝ ሲለው የሚያገኘው ምክር አንድ ነው። ሻጩም፣ ጓደኛውም፣ በቪዲዮ የሚያስተምረውም «ዋቱን ጨምረው» ይሉታል። ምክሩ ለመፈጸም አይከብድም፤ ቁልፉ አውራ ጣቱ ሥር ነው፣ ውጤቱም ወዲያው ይታያል። ከምክሩ ጀርባ ግን ብዙ ሰው ሳይመረምር የተቀበለው እምነት አለ፤ ኃይሉን የሚመርጠው ተጠቃሚው ራሱ ከሆነ የሚወስደውንም የሚቆጣጠረው እሱ ነው የሚል። ይህ እምነት ስሕተት ነው። የዋቱ ቁልፍ ለሰውየው ቁጥጥር አልሰጠውም። ወደ ሳንባው የሚገባውን የኒኮቲንና የመርዝ መጠን ከራሱም፣ ከሐኪሙም፣ ከሕግም ዓይን ሰውሮበታል።

መሣሪያውን ቀረብ ብለን እንየው። መዳፍ የሚሞላ ሣጥን ነው። በአንድ ጎኑ ማቀጣጠያው፣ ከእሱ ዝቅ ብሎ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባቸው ሁለት ትንንሽ ቁልፎች፣ አጠገባቸው ደግሞ ጠባብ ስክሪን አለ። ስክሪኑ ላይ ዋቱ ጎላ ብሎ ይነበባል፤ ከሥሩ የባትሪው መጠን፣ የማሞቂያ ሽቦው የመቋቋም ልክ (ኦም) እና ቮልቱ በትንንሹ ተደርድረዋል። ከላይ ፈሳሹ የሚሞላበት መያዣ ተቀምጧል፤ መሐሉ ላይ ኮይል የሚባለው የማሞቂያ ሽቦ ጥጥ ተጠቅልሎበት ቆሟል። የኮይሉን ብረት ወደ ብርሃን ቢያዞሩት «0.4 ኦም፣ ከ50 እስከ 60 ዋት» የሚል ዓይነት ደቃቅ ጽሑፍ ይገኝበታል። ያ ጽሑፍ ሽቦው የሚሠራበትን ልክ የሚናገር ነው፤ ስለ ሰውየው ሳንባ የሚለው ነገር የለም። ስክሪኑም ቢሆን ይህን ሁሉ ቁጥር ሲያሳይ፣ አንድ ጊዜ በሳበ ቁጥር ስንት ሚሊግራም ኒኮቲን እንደሚገባ አያሳይም። ለአካሉ የሚያስፈልገው ቁጥር እሱ ነበር።

መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም። ቻይናዊው ፋርማሲስት ሆን ሊክ እ.ኤ.አ. በ2003 የዛሬውን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሐሳብ ካፈለቀ በኋላ ገበያ ላይ የዋሉት መሣሪያዎች ሲጋራ የሚመስሉ ቀጫጭን ነገሮች ነበሩ፤ ባትሪያቸው ትንሽ፣ ኃይላቸው ጥቂት ዋት፣ ለተጠቃሚው የሚነካካ ቁልፍ ያልነበራቸው። ከዚያ ባትሪው ወፈረ፣ ሽቦው ወፈረ፣ ኃይሉን የሚያስተካክል ቺፕ ገባበት። ዛሬ ሁለት ባትሪ የሚጎርሱ ሣጥኖች እስከ 200 ዋት ይወጣሉ። ተጥለው የሚተኩት ርካሾቹ ሳይቀሩ ስክሪንና የኃይል ማሳደጊያ እየተገጠመላቸው ነው።

ዋት ራሱ ምን ይነግረናል? ብቻውን ከተነበበ እጅግ ጥቂት። 30 ዋት ለ1.5 ኦም ቀጭን ሽቦ ሲሰጥ መሣሪያው 6.7 ቮልት ያህል መግፋት አለበት፤ ሽቦው ይግላል፣ ጥጡም ይለበለባል። ያው 30 ዋት ለ0.2 ኦም ወፍራም ኮይል ሲሰጥ 2.4 ቮልት ገደማ ይበቃዋል፤ ብዙ ብረት ላይ ስለሚበተን ሽቦው ለብ ከማለት ብዙም ላያልፍ ይችላል። ስለዚህ «እኔ በ30 ነው የማጨሰው» የሚል ሰው ስለ ሙቀቱ ምንም አልነገረንም። በዚህ ላይ ጊዜው አለ። በ10 ዋት ለ2 ሰከንድ የሚስብ ሰው በአንድ ሳብታ 20 ጁል ጉልበት ያቃጥላል። በ60 ዋት ለ4 ሰከንድ የሚስበው 240 ጁል ያቃጥላል። ዋቱ 6 እጥፍ ሲሆን ፈሳሹን የሚያተነው ጉልበት ግን 12 እጥፍ ሆኗል።

አሁን ወደ ኒኮቲኑ እንምጣ፤ ትልቁ መታለል ያለው እዚህ ነው። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሚሊግራም አይቶ «የእኔ ቀላሉ ነው፣ 3 ብቻ ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። ሁለት ሰዎችን በስሌት እናስተያይ። አንደኛው በሚሊሊትር 18 ሚሊግራም ኒኮቲን ያለበትን ፈሳሽ በ10 ዋት መሣሪያ በቀን 2 ሚሊሊትር ይጨርሳል። ሁለተኛው 3 ሚሊግራም ያለበትን በ70 ዋት ሣጥን በቀን 12 ሚሊሊትር ይጨርሳል። ሁለቱም በቀን ያተነኑት ኒኮቲን 36 ሚሊግራም ነው። «ቀላሉን» የመረጠው ሰው በኒኮቲን ያተረፈው የለም። ማጣፈጫውን፣ ፕሮፒሊን ግላይኮሉንና ግሊሰሪኑን ግን ከሌላው 6 እጥፍ ወደ ውስጥ አስገብቷል። ጠርሙሱ አልዋሸም፤ ዋቱ ግን የጠርሙሱን ቁጥር ትርጉም አሳጥቶታል።

የቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአሜሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት ይህን በቤተ ሙከራ ለክቷል። የመሣሪያውን ቮልት፣ የሚሳብበትን ርዝመትና የፈሳሹን ጥንካሬ እየለዋወጡ 15 ጊዜ ሲስቡ፣ የሚወጣው ኒኮቲን በሁኔታዎቹ መካከል ከ50 እጥፍ በላይ ተለያይቷል። ከ50 እጥፍ በላይ የሚለዋወጥን ነገር በአንድ ስም ጠርቶ «ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ይህን ያደርጋል፣ ያንን አያደርግም» ማለት እንዴት ይቻላል?

ሕግ አውጪዎቹም ከዚህ ነቀፋ አያመልጡም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የትምባሆ መመሪያ የፈሳሹን ኒኮቲን በሚሊሊትር 20 ሚሊግራም፣ የመሣሪያውን መያዣ 2 ሚሊሊትር፣ የመሙያውን ጠርሙስ 10 ሚሊሊትር ላይ ገድቧል። ይኸው መመሪያ መሣሪያው ኒኮቲኑን በወጥ መጠን እንዲያደርስም ያዛል። ለዋት ግን ጣሪያ አላበጀም። ተጠቃሚው በጣቱ ኃይሉን ብዙ እጥፍ የሚያሳድግበትን መሣሪያ ፈቅዶ ወጥ መጠን መጠየቅ የጠጁን ጥንካሬ ለክቶ የብርሌውን ብዛት እንዳለመጠየቅ ነው። ጥንካሬው ሲገደብ ኢንዱስትሪው በኃይል ሄደ፤ በሩ ክፍት ነበር። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2018 ጁል (Juul) የተባለውን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ምርት ከገበያዋ ስታስወጣ ያነሣችው ምክንያት በሚሊሊትር ከ20 ሚሊግራም በላይ ኒኮቲን መያዙን ነው። እርምጃው ተገቢ ነበር። ግን እሱም የፈሳሹን ጥንካሬ የለካ እንጂ ኃይሉን የጠየቀ አልነበረም።

ስለ መርዙ ደግሞ። ፕሮፒሊን ግላይኮል በ188 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ግሊሰሪን በ290 ገደማ ይፈላል። ፈሳሹ እየተነነ ሳለ ሽቦውን ያቀዘቅዘዋል፤ ጥጡ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ሙቀቱ ልክ አለው። ዋቱ ሲጨምር ግን ሽቦው ጥጡ ከሚያቀብለው ፍጥነት በላይ ፈሳሽ ይጠይቃል። ጥጡ መድረስ ሲያቅተው የሽቦው ሙቀት ይወነጨፋል፣ የቀረው ፈሳሽም መትነኑን ትቶ ይፈርሳል። ከፍርስራሹ ፎርማልዴሃይድ፣ አሴታልዴሃይድና አክሮሊን ይወጣሉ። ፎርማልዴሃይድ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰው ላይ ካንሰር የሚያመጣ ብሎ የመደበው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የፖላንድና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቮልቱን ከ3.2 ወደ 4.8 ሲያሳድጉ የፎርማልዴሃይድና የአሴታልዴሃይድ መጠን ከ4 እስከ ከ200 በላይ እጥፍ ጨመረ። በዝቅተኛው ቮልት መጠኑ ከሲጋራ ጭስ እጅግ ያነሰ ነበር። በከፍተኛው ግን ፎርማልዴሃይዱ ሲጋራ ጭስ ውስጥ ከሚገኘው ልክ ደርሷል። መሣሪያው ያው ነው፤ የተቀየረው ቮልቱ፣ ከእሱም ጋር ዋቱ ነው።

ለዚህ የሚሰጠውን መልስ አውቃለሁ፤ ክብደቱንም አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2015 በፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት በ5 ቮልት ብዙ ፎርማልዴሃይድ አገኘሁ ሲል፣ ግሪካዊው ሐኪም ኮንስታንቲኖስ ፋርሳሊኖስ እና ባልደረቦቹ ተቃወሙ። ጥጡ ደርቆ ሲቃጠል ጣዕሙ እጅግ ስለሚመር ማንም አጫሽ አይታገሠውም፤ ስለዚህ ማሽን የሳበውን ሰው ሳበው ማለት አይቻልም አሉ። ጥጡ ሙሉ በሙሉ ለደረቀበት ሁኔታ ልክ ናቸው። ነገር ግን ይህ መከራከሪያ የደኅንነቱን ጥበቃ በሙሉ በምላስ ላይ ይጥላል። በእርጥብ ጥጥና በተቃጠለ ጥጥ መካከል ሰፊ ቦታ አለ፤ ምላስ የሚነቃው መጨረሻው ላይ ነው። ምሬቱን የሚሸፍን ማጣፈጫና ጣፋጭ ደግሞ ፈሳሹ ውስጥ አስቀድሞ ገብቷል። ቬፕ ትናንት የጀመረ የ19 ዓመት ልጅ ትክክለኛው ጣዕም የቱ እንደሆነ ከየት ያውቃል? «ከመረረህ ተው» የሚል የደኅንነት ሥርዓት ለየትኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ብንቀበል ኖሮ ቤታችን ውስጥ ፊውዝ ባልተገጠመ ነበር።

ሽቦው ራሱም አለ። የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ከ56 ዕለታዊ የቬፕ ተጠቃሚዎች መሣሪያ የወጣውን እንፋሎት መርምረው እርሳስ፣ ኒኬልና ክሮሚየም አግኝተዋል። ፈሳሹ ጠርሙሱ ውስጥ ሳለ የብረቶቹ መጠን ትንሽ ነበር። ሽቦውን ካገኘ በኋላ ግን በጣም ከፍ አለ። «የውሃ እንፋሎት ነው» የሚለው አባባል ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው በየአፉ የሚዞረው።

አንድ ነገር ልለይ። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ተነሥቶ ብዙ ሰው ሆስፒታል ያስገባውና 68 ሰው የሞተበት የሳንባ ሕመም በዋት ምክንያት የመጣ አልነበረም። በዋናነት የተያያዘው ከካናቢስ ዘይት ጋር ከተቀላቀለ ቫይታሚን ኢ አሲቴት ጋር ነው። ያንን ወደዚህ ጎትቶ ሰው ማስፈራራት አያስፈልግም፤ ስለ ዋት የሚታወቀው በቂ ነው።

ሲጋራ ለመተው ቬፕ የያዘውንም ሰው አልኮንነውም። ትምባሆ የሚነድ ነገር ነው፤ በመንደዱ የሚመጣው ታርና ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰው ይገድላል። ኒኮቲን ያለው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ አጫሾች ሲጋራ እንዲተዉ እንደሚረዳ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስበው የሚመረምሩት የኮክሬን ግምገማዎችም አሳይተዋል። የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 «ከሲጋራ 95 በመቶ ያነሰ ጉዳት» ያለው ለእነዚህ ሰዎች አስቦ እንደሆነ አልጠራጠርም። ችግሩ ቁጥሩ የተነገረው ያለ ዋት መሆኑ ነው። የ8 ዋቱን ቀጭን መሣሪያና የ100 ዋቱን ሣጥን በአንድ 95 የሚሸፍን ሚዛን የለም። የመጀመሪያውን የያዘ ሰው ምናልባት በቁጥሩ ሊጽናና ይችላል። ሁለተኛውን የያዘው ግን ያልተሰጠውን ማረጋገጫ ተቀብሎ ነው የሚያጨሰው።

ይህን ሁሉ በአማርኛ የምጽፈው ነገሩ የሩቅ ስላልሆነ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባና እንዳይሸጥ ከልክሏል። ክልከላውን እደግፋለሁ። ግን መሣሪያው በሻንጣ ይገባል። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2019 ሽያጩን ፈቅዳለች፤ በአሜሪካና በአውሮፓም መደብሩ ብዙ ነው፤ ከዚያ የሚመጣ ወጣት ለወንድሙና ለጓደኛው ይዞ ይመጣል። በድብቅ እጅ በእጅ የሚያልፍ ሣጥን መመሪያው ወድቆ፣ ኮይሉ ተቀይሮ፣ ፈሳሹ ከየት እንደተቀዳ ሳይታወቅ ነው የሚደርሰው። ከእሱ ጋር ሳይጎድል የሚመጣው «ዋቱን ጨምረው» የሚለው ያ ምክር ብቻ ነው።

የሚያሳዝነው መፍትሔው የራቀ አለመሆኑ ነው። የኒኬል፣ የቲታኒየምና የማይዝግ ብረት ሽቦ ሲሞቅ ኦሙ ይለወጣል፤ ይህን ለውጥ እያነበቡ ሙቀቱ ልክ ሲያልፍ ኃይሉን የሚቀንሱ መሣሪያዎች ከተሠሩ ዓመታት አልፈዋል። ኮይሉን ለይተው ከተፈቀደለት ዋት በላይ እምቢ የሚሉም አሉ። ግን እንደ ምርጫ ነው የሚቀርቡት፤ ባለቤቱ በሁለት ጫና ያጠፋቸዋል። የሚዘጋ በር ሠርቶ ቁልፉን ከበሩ ላይ ትቶ የሄደ አምራች «ምርጫው የእናንተ ነው» ሲል ኃላፊነቱን እየሸሸ ነው።

መሣሪያውን በፈቀዱ አገሮች ያሉ ሕግ አውጪዎች በዋት ላይ ጣሪያ ያብጁ፣ የሙቀት መቆጣጠሪያውም እንዳይጠፋ ተቆልፎ ይሸጥ። የፈሳሹን ሚሊግራም ብቻ የሚቆጥር ሕግ ግማሽ ሕግ ነው። የአገራችን ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም «ተከልክሏል» ከሚለው ማስታወቂያ አልፎ ለምን እንደተከለከለ በዚህ ልክ ዘርዝሮ ለወጣቱ ይንገር። ሲጋራ ለመተው በውጭ አገር ቬፕ የያዛችሁ ወገኖች፣ ኮይሉ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ቁጥር አትለፉ። ኒኮቲኑ አልበቃ ካላችሁም ዋቱን ከማሳደጋችሁ በፊት ሐኪማችሁን ስለ ኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ ጠይቁ። ልጁ ኪስ ውስጥ ሣጥኑን ያገኘ ወላጅም ፈሳሹ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ጠይቆ አይብቃው። ያብራውና ስክሪኑ ላይ ያለውን ዋት ያንብብ፤ ከልጁ ጋር የሚያደርገውን ንግግርም ከዚያ ቁጥር ይጀምር።