ባለቤት ያጣ ስሕተት



በየስብሰባው የምንሰማትን አንዲት አነጋገር እስቲ ልብ እንበላት። «አንዳንድ ጉድለቶች ታይተዋል» ትላለች። ማን አጎደለ? አይባልም። ማንስ አየ? አይታወቅም። ጉድለቱ ራሱ መጥቶ፥ ራሱ ታይቶ፥ በቃለ ጉባኤው ላይ ራሱን ጽፎ የሄደ ይመስላል። «ስሕተት ተፈጽሟል»፥ «ጉዳዩ በመጣራት ላይ ነው»፥ «አስፈላጊው ሁሉ ይደረጋል» የሚሉትም የዚያችው እኅቶች ናቸው። ቋንቋችን ግን ለዚህ የተመቸ አልነበረም። የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን በሆዱ ይዞ የሚዞር ነው፤ «አጠፋሁ» ባልን ጊዜ ሌላ ቃል ሳይጨመር ጥፋተኛው ቆሞ ይታያል። ስለዚህ አንድ ሹም ባለቤቱን ከግሡ ውስጥ ለማስወጣት ሲደክም ብናይ፥ የሚደክመው ለሰዋስው ሳይሆን ለመደበቅ መሆኑን እንወቅ።

የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከዚሁ መደበቅ ጋር ነው። የምለውም አንድ ነገር ብቻ ነው። መሪ የሆነ ሰው «ራሴን መርምሬአለሁ» ቢል፥ ያገኘውን ጥፋት «እኔ» ብሎ፥ ጥፋቱ በደረሰባቸው ሰዎች ፊት፥ ጊዜው ሳያልፍ ካልተናገረ፥ ምርመራው ለራሱ ማጽናኛ እንጂ ለሚመራው ሕዝብ ምንም አይደለም።

ይህ የቃላት ክርክር ነው የሚል ቢኖር ወደ ወሎ ልውሰደው።

በ1965 ዓ.ም. በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር። ገበሬው ከነልጆቹ ወደ አውራ ጎዳናው ወጥቶ መኪና እስከ መለመን ደርሶ ስለ ነበር ሹማምንቱ አላወቁም ሊባል አይቻልም። ነገር ግን የመንግሥት ስም እንዳይጎድፍ ነገሩ ታፈነ። በአዲስ አበባ የዩኒቨርስቲው መምህራን ከወሎ ይዘው የመጡት ፎቶግራፍ በግቢው ውስጥ ለዕይታ ቀረበ፤ ተማሪውም አይቶ ጮኸ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየና ዓለም ሁሉ ሰማ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋር እያፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

እንግዲህ ረሃብን መደበቅ መንግሥትን እንዴት እንደሚያዋርድ ያን ፊልም ካሳዩት ሰዎች የበለጠ ሊያውቅ የሚገባው ማን ነበር? ዐሥር ዓመት እንኳ በወጉ ሳይሞላ፥ በመጋቢት 1976 ዓ.ም. የመንግሥቱ የራሱ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አደጋ ላይ መሆኑን ለለጋሾች አስታወቀ። ዕውቀት አልጎደለም ማለት ነው። ቁጥሩ በመንግሥት ወረቀት ላይ በመንግሥት ማኅተም ተጽፎ ነበር። በዚያው ክረምት ግን አዲስ አበባ ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል በቅስትና በባንዲራ ትሸለም ነበር። በጳጉሜን ፓርቲው ሲመሠረት ለሰዓታት በተነበበው ንግግር ውስጥ ረሃቡ የሚገባውን ስፍራ አላገኘም። ከዚያም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከኮረም የተቀረጸውን ሥዕል ለዓለም አሳየ። የለጋሾቹ እጅ መዘግየቱ፥ ጦርነቱም መከራውን ማባባሱ እውነት ነው፤ ይህ ግን ከቤት የተደበቀውን አያስተባብልም።

ያው ወሎ፥ ያው ረሃብ፥ እንደገና የባዕድ ፊልም። ሁለቱም መንግሥታት የደበቁት ስማቸውን ለመጠበቅ ነበር። ዛሬ ስማቸው ሲነሣ አብሮ የሚነሣው ግን ያ የደበቁት ረሃብ ነው።

ይህ እንዴት ሆነ ብለን ብንጠይቅ፥ «ክፉዎች ስለ ነበሩ» የሚለው መልስ ቀላል ነው፤ ለእኛም ይመቸናል፤ እኛ ክፉዎች አይደለንማ! የእኔ መልስ ሌላ ነው። ያ ፊልም የተገለጠው እንደ መስኮት እንጂ እንደ መስተዋት አልነበረም። የሌላውን ጥፋት አሳይቶ ሥልጣን የያዘ ሰው፥ ሥልጣን በያዘ ማግሥት ያንኑ ወደ ራሱ ፊት ካላዞረው፥ የተማረው ክስን እንጂ እውነትን አይደለም።

ሲያስገርም፥ በዚያ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ» የማይባልበት መሥሪያ ቤት አልነበረም። በየውይይት ክበቡ ጸሐፊው ራሱን ይሂስ ነበር፤ መምህሩ ራሱን ይሂስ ነበር፤ ዘበኛው ሳይቀር ራሱን ይሂስ ነበር። ሊቀ መንበሩን ማን ይሂስ? ግለ ሂስ እንደ ዝናብ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ከሆነ ምርመራ መሆኑ ቀርቶ ቅጣት ይሆናል። ትንሹ ሰው ያልሠራውን ይናዘዛል፤ ትልቁ ሰው የሠራውን ይረሳል።

ታዲያ በደርግ ላይ ብቻ ጣታችንን ቀስረን እንዳንቀር። ያን ቃል ወደ አገራችን ካስገቡት ውስጥ ግንባር ቀደሞቹ እንደ እኛ ያሉ ተማሪዎች ነበሩ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡትን ማክበር ይገባናል፤ እኔም አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በአንድ ክፍል ያደሩ፥ ከአንድ መጽሐፍ ያነበቡ ወጣቶች ኢሕአፓና መኢሶን ተባብለው ተገዳደሉ፤ ደርግም ሁለቱን በየተራ ፈጃቸው። ከዚያ እሳት የተረፉት ብዙ መጽሐፍ ጽፈዋል። ማንም ተማሪ ከቤተ መጻሕፍት አውጥቶ ያንብብና ይፍረድ፤ በብዙዎቹ ውስጥ ጥፋተኛው ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ነው። «ያን ጊዜ እኔ ይህን አደረግሁ፤ ተሳስቼ ነበር» የሚለው ዐረፍተ ነገር በመብራት ይፈለጋል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው።

አሁን ተቃዋሚዎቼን ልስማ።

አንደኛው ወገን «መሪ ጥፋቱን ካመነ ይናቃል፤ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል። ይህ ክርክር ሕዝቡ ጥፋቱን አያውቅም በሚል ግምት የቆመ ነው። ሕዝብ ግን ያውቃል። የምግብ ቤቱን ሰልፍ የሚሰለፈው ተማሪ ምግቡ መጉደሉን ከሪፖርት አይማርም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው፥ ሁሉም በሆዱ ያውቀዋል፤ መታወቁን ያላወቀው ሹሙ ብቻ ነው። ንቀትም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ወገን ሊቅ መሳይ ነው። «ባህላችን ሰምና ወርቅ ነው፤ ገልጦ መናገር የፈረንጅ ጠባይ ነው» ይላል። ወንድሜ፥ ሰምና ወርቅ የማን መሣሪያ እንደ ነበረ እናስታውስ! አዝማሪው ጌታውን ለመንካት፥ ደሀው ዳኛውን ለመውቀስ፥ ደቀ መዝሙሩ መምህሩን ለመጎንተል የተጠቀመበት ነው። ደካማው ለኃይለኛው እውነትን የሚያቀብልበት መንገድ ነው። ኃይለኛው ሰሙን ለሕዝብ ሰጥቶ ወርቁን በኪሱ ካስቀረው ግን ስሙ ቅኔ አይደለም፤ ማጭበርበር ነው። ደግሞም ያው ባህላችን «እረኛ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅን አስተምሮናል። የእረኛውን ዘፈን ሰምቶ በራሱ ላይ የተባለውን የሚመረምር መሪ ከፈረንጅ የተበደረው ነገር የለም።

ሦስተኛው ወገን «ራስን መመርመር በመሪውና በእግዚአብሔር መካከል ያለ ጉዳይ ነው» ይላል። የግል ኃጢአቱ ይሁን። ነገር ግን የሰው ላም የወሰደ ሰው ለነፍስ አባቱ በጆሮ ተናግሮ ላሟን ሲያልብ ቢኖር ንስሐ ገባ አይባልም፤ ላሟን መልስ ይባላል። ሙስሊም ወንድሞቻችንም የሰው ሐቅ ባለ ሐቁ ካልተወው በቀር እንደማይለቅ ያስተምራሉ። በአደባባይ የተበደለ በአደባባይ ይካሣል።

ይህን ሁሉ ስጽፍ «አንተስ?» የሚለኝ ይኖራል። ሊለኝ ይገባል። ስለዚህ ልናገር።

የክፍሌ ተወካይ በነበርሁበት ዓመት፥ ከፈተና በፊት ባሉት ሳምንታት ማንበቢያው አዳራሽ እስከ እኩለ ሌሊት እንዲከፈት ጓደኞቼ ጠይቁልን አሉ። ሄጄ ጠየቅሁ። በመጀመሪያው ቀን፥ በመጀመሪያው ቢሮ፥ ዘበኛ የሚከፈልበት ገንዘብ የለምና አይሆንም ተባልሁ። ነገሩ በዚያ ቀን አልቆ ነበር። እኔ ግን ባዶ እጄን መመለስ አፈርሁ። «በሂደት ላይ ነው፤ ተስፋ አለ» አልኋቸው። ሳምንት አለፈ፤ «እየተነጋገርን ነው» አልሁ። እንዲህ እያልሁ ፈተናው ደረሰ። እውነቱን በዚያው ቀን ብነግራቸው ኖሮ ገንዘብ አዋጥተው፥ ወይም ከግቢ ውጭ ሌላ ስፍራ ፈልገው ያነብቡ ነበር፤ ኋላ ሲነግሩኝ ሊያደርጉት አስበው እኔን ሲጠብቁ ነው የተውት። ስምንት ሆነው በአንዲት ክፍል ከሚያድሩት ውስጥ አንዱ፥ በብርቱ የሚያነብ ልጅ፥ በዚያ መንፈቅ አንድ ትምህርት ወደቀ። በእኔ ምክንያት ብቻ ነው አልልም፤ ነገር ግን የእኔ ድርሻ አለበት። በዓመቱ መጨረሻ ባቀረብሁት ሪፖርት ላይም የጻፍሁት ይህን ነበር፦ «የማንበቢያ ሰዓትን በተመለከተ ጥረት ተደርጎ ባንዳንድ ምክንያት ሳይሳካ ቀርቷል።» ጓደኞቼም አጨበጨቡልኝ።

እኔ ዋሸሁ። ይኸው ነው፤ ሁለት ቃል ነው። ለመጻፍ ግን ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አዳራሽና ረሃብ እኩል አይደሉም፤ የአንድ ልጅ ፈተናና የአንድ አገር እልቂት አይወዳደሩም። የመደበቁ አካሄድ ግን አንድ ነው፤ መጀመሪያ እፍረት፥ ቀጥሎ «በሂደት ላይ ነው»፥ መጨረሻ ላይ ባለቤት የሌለው ግሥ። በሃያ ዓመቱ ስለ አንድ ቁልፍ የዋሸ ሰው በዐርባ ዓመቱ ሚኒስትር ቢሆን ስለ እህል ጎተራ እውነት እንዲናገር የሚያደርገው ምንድን ነው? ከዚህ ግቢ ነገ ዳኛ፥ መምህር፥ ሐኪም፥ ሥራ አስኪያጅ ይወጣል። ልማዱን የሚይዘው እዚህ ነው።

ስለዚህ የማኅበራችንን መሪዎች የምጠይቀው ታላቅ ነገር አይደለም።

አንደኛ፥ «አይሆንም» የተባላችሁትን በተባላችሁበት ቀን ንገሩን። ክፉ ወሬ በቶሎ ከደረሰ መላ ይፈለግለታል፤ ዘግይቶ ከደረሰ ግን መርዶ ይሆናል። ሁለተኛ፥ በየመንፈቁ በምታቀርቡት ሪፖርት ከተሠራው ሥራ በፊት «ቃል ገብቼ ያላደረግሁት» የሚል ክፍል ይኑር፤ እያንዳንዱም ኃላፊ የራሱን «እኔ» ብሎ ይጻፍ። ሊቀ መንበሩ መጀመሪያ ይጻፍ፤ ከታች መጀመር የት እንዳደረሰን አይተናል። ሦስተኛ፥ ሪፖርቱ ከተነበበ በኋላ ተማሪው የሚጠይቅበት ሰዓት ይሰጥ፤ የማታውቁትን «አላውቅም» በሉ፤ ማንም ሰው «አላውቅም» ብሎ አልሞተም።

ከእኛ ከተመልካቾቹም የሚፈለግ አለ። ጥፋቱን ያመነውን ሰው በማግሥቱ መሳለቂያ ካደረግነው፥ ሁለተኛው ሰው አፉን ይዘጋል። የዋሸውን ተወካይ አጨብጭበን፥ እውነት የተናገረውን ካባረርን፥ ውሸታሙን የሠራነው እኛ ነን። መምህሮቻችንም ቢሆኑ፥ በክፍል ውስጥ «ባለፈው ሳምንት የነገርኋችሁ ስሕተት ነበር» የሚል አንድ መምህር ከዐሥር የሥነ ምግባር ንግግር የበለጠ እንደሚያስተምረን አይርሱ።

ይህች የማባዣ ወረቀትም ከዚህ ሕግ አትወጣም። በእኔ ጽሑፍ ውስጥ የተሳሳተ ነገር ያገኘ አንባቢ ለአዘጋጆቹ ጽፎ ይስጥ፤ በሚቀጥለው እትም በዚሁ ገጽ ላይ «ተሳስቻለሁ» ብዬ እመልሳለሁ። «ስሕተት ታይቷል» አልልም።