ቅድሚያ ለፍሬን፦ ትንሿን መኪና ስለማጎልበት

ወረታ ሁለት መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። አንደኛው ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ያልፋል። ሁለተኛው፣ ቻይናውያን መሐንዲሶች የሠሩት በመሆኑ «የቻይና መንገድ» ሲባል የኖረው፣ በደብረ ታቦር በኩል ወልድያ ይደርሳል። የመጀመሪያው የፎገራን ሜዳ ሰንጥቆ ሲሄድ፣ ሁለተኛው ሜዳውን ትቶ ወደ ጉና ተራራ አቅጣጫ ይወጣል። ስለሆነም በወረታ የሚነዳ መኪና ከሜዳውም ከዳገቱም ጋር መስማማት ይኖርበታል።

በዚህ አካባቢም ሆነ በሌሎች የአገራችን ከተሞች፣ ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚያገለግሉትን እንደ ቶዮታ ቪትዝ ያሉ ነዳጅ ቆጣቢ መኪኖች «ሞዲፋይ ማድረግ» የብዙ ወጣት ባለመኪኖች ምኞት ነው። ማርሚታው ተቆርጦ ድምፁ ይጎላል፤ ጎማው ይሰፋል፤ ሞላው ከፍ ይላል፤ የአየር ማጣሪያው በሌላ ይለወጣል። ምኞቱ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ያለውን ዕቃ ማሻሻል መፈለግ የምሕንድስና መነሻ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ ያሉትን አሮጌ መኪኖች ጠብቆና አሻሽሎ መያዝ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። ጥያቄው ማሻሻያው ከየት ይጀመር የሚለው ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አቋም የሚከተለው ነው። በከፍታ ቦታ በየዕለቱ የሚነዳ ትንሽ መኪና ሲሻሻል፣ ከማፍጠኛው በፊት ማቆሚያው፣ ከመጨመር በፊት መቀነስ፣ ከመግዛት በፊትም መለካት ይቅደም። ይህን ቅደም ተከተል የሚያዝዘው የተፈጥሮ ሕግ እንጂ የአሽከርካሪው ዕድሜ ወይም ጠባይ አይደለም።

ጉልበቱን የወሰደው ማን ነው?

ብዙ አሽከርካሪዎች «መኪናዬ ዳገት ላይ ይደክማል» ሲሉ ይሰማሉ፤ ምክንያቱንም በሞተሩ እርጅና ያሳብባሉ። በእርግጥ እርጅና የራሱ ድርሻ አለው። ሆኖም አዲስ ሞተርም ቢሆን በወረታ እንደ ጅቡቲ ወደብ ሊሠራ አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ1648 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል የእኅቱን ባል ፍሎሪን ፔሪዬን ፑይ ደ ዶም በሚባለው ተራራ ላይ በሜርኩሪ የተሞላ የመስታወት ቱቦ ይዞ እንዲወጣ አደረገው። ተራራው አናት ላይ ሲደርስ የሜርኩሪው ከፍታ በ8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቀንሶ ተገኘ። የአየር ግፊት ከፍታ በጨመረ ቁጥር እንደሚቀንስ የታወቀው በዚህ ሙከራ ነው። በባሕር ጠለል 76 ሴንቲ ሜትር የሚቆመው ሜርኩሪ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ወረታ 61 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይቆማል። 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ታቦር ደግሞ ወደ 55 ዝቅ ይላል።

ይህ ከመኪና ጋር ምን ያገናኘዋል? አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በወጉ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። የሞተሩ ሲሊንደር የሚስበው የአየር ይዘት በየትም ቦታ አንድ ዓይነት ቢሆንም፣ በከፍታ ቦታ በዚያው ይዘት ውስጥ ያለው አየር ጥቂት ነው። የሙቀት መጠኑ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነበት ቀን፣ በባሕር ጠለል አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.18 ኪሎ ግራም ሲመዝን በወረታ 0.95 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝናል። ስለዚህ በፋብሪካ 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ የተመዘገበለት የአንድ ሊትር ቪትዝ ሞተር፣ ምንም ሳይበላሽ በወረታ 56 አካባቢ፣ በደብረ ታቦር ደግሞ ወደ 50 የፈረስ ጉልበት ይወርዳል። የጎደለውን የወሰደው ከፍታው ነው።

ቀሪው ጉልበት ግን የሚያንስ አይደለም። አምስት ሰው የጫነና ጠቅላላ ክብደቱ 1,200 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና፣ ስድስት በመቶ በሚያዘነብል ዳገት ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለመውጣት የሚያስፈልገው 21 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ይህም ካለው ከግማሽ በታች ነው። ሆኖም ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው በፍጥነት ሲዞር ነው። አሽከርካሪው በአራተኛ ወይም በአምስተኛ ማርሽ ተጭኖ ሲሄድ የሚሰማው ድካም ብዙውን ጊዜ ማርሽ በመቀነስ ይወገዳል። የመጀመሪያው ማሻሻያ እንግዲህ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም።

በገበያ ላይ ያሉት ማሻሻያዎች ሲመዘኑ

የአየር ማጣሪያውን ሣጥን አስወግዶ በሞተሩ ክፍል ውስጥ ክፍት ማጣሪያ መግጠም በጣም የተለመደ ነው። ድምፁ ስለሚጎላ ጉልበት የተጨመረ ይመስላል። ይሁን እንጂ የፋብሪካው ሣጥን የተሠራው ከውጭ ቀዝቃዛ አየር እንዲስብ ነው። ክፍት ማጣሪያው ግን በሞተሩ የሞቀውን አየር ይስባል። አየሩ ከ25 ወደ 55 ዲግሪ ቢሞቅ እፍግታው በ9 በመቶ ይቀንሳል። ከፍታው የወሰደው ሳይበቃ ባለቤቱ ራሱ ሌላ ይጨምርበታል ማለት ነው። በበጋ የሜዳው አቧራ በማይመጥን ማጣሪያ ሾልኮ ሲገባ ደግሞ የፒስተን ቀለበቶችን ይፈጫል።

ማርሚታን መቁረጥም እንዲሁ ነው። የጭስ መውጫው ተደፍኖ ካልሆነ በቀር፣ በትንሽ ሞተር ላይ የሚገኘው ትርፍ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጆሮ የሚሰማውና መንኰራኩር የሚቀበለው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ትልቅ ጎማና ከባድ ቸርኬ ግርማ ይሰጡ ይሆናል፤ ዋጋቸው ግን በፊዚክስ ይሰላል። የጎማው ዲያሜትር በ5 በመቶ ቢጨምር መኪናውን ወደፊት የሚገፋው ኃይል ወደ 5 በመቶ ይቀንሳል፤ የፍጥነት መለኪያውም ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ያሳያል። ሞላን ማስነሣት በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ ጠቃሚ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን 5 ሴንቲ ሜትር የተነሣ መኪና ያተረፈው 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ በኩርባ ላይ የመገልበጥ ዝንባሌው ጨምሯል። በአርኪሜደስ ሕግ መሠረት ቀላል መኪና ወለሉን አልፎ በወጣ ጥቂት ውኃ ሊንሳፈፍ ስለሚችል፣ ለጎርፍ የሚሻለው ማሻሻያ መመለስ ነው።

አየርን አምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባው ቱርቦ የከፍታን ጉዳት በእውነት የሚያካክስ መሣሪያ ነው። የአውሮፕላን ፒስተን ሞተሮች ከፍ ብለው እንዲበሩ ያስቻላቸውም ይኸው ዘዴ ነው። ነገር ግን ለዚያ ግፊት ባልተነደፈ ሞተር ላይ ሲገጠም የቴስታታው ጓርኒሲዮንና ፒስተኖቹ ዕዳውን ይከፍላሉ። ጠዋት ሥራ መድረስ ላለበት ሰውና ለጀማሪ የሚመከር አይደለም።

ዳገቱ የተበደረው፣ ቁልቁለቱ የሚመልሰው

እስካሁን ስለ መውጣት ተናገርን። ሕይወት የሚያሳጣው ግን በአብዛኛው መውረዱ ነው። ከላይ የተጠቀሰው 1,200 ኪሎ ግራም መኪና ከወረታ ደብረ ታቦር ሲወጣ ከ10 ሚሊዮን ጁል በላይ ኢነርጂ በከፍታ መልክ ያከማቻል። ሲመለስ ይህ ሁሉ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ከ30 ሊትር በላይ ውኃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ እስኪፈላ ድረስ ለማሞቅ የሚበቃ ኢነርጂ ነው።

መንገዱ በሙሉ እኩል ቢያዘቀዝቅ ኖሮ የአየሩና የጎማው ሰበቃ አብዛኛውን ይውጠው ነበር። ነገር ግን የጉዞው አንዱ ክፍል ሜዳ በመሆኑ ቁልቁለቱ በቀረው ክፍል ላይ ይከማቻል። ስድስት በመቶ በሚያዘቀዝቅ ቦታ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚወርድ መኪና ፍጥነቱ እንዳይጨምር ከተፈለገ በየሰከንዱ 8 ሺህ ጁል ያህል ሙቀት መውጣት ይኖርበታል። ይህም ሁለት የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣዶች በአንድነት የሚሰጡት ሙቀት ማለት ነው። አሽከርካሪው ማርሽ ቀንሶ ከወረደ ሞተሩ አብዛኛውን ይሸከማል። በፍሬን ብቻ ከወረደ ግን ሁለቱን ምጣዶች በፍሬን ሸራው ላይ ጥዷቸዋል።

በዚህ ላይ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይመጣል። በተለምዶ ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ባላነሰ ሙቀት ሲሆን፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ይህ ወሰን ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን፣ እንፋሎት እንደ ፈሳሽ ግፊትን ስለማያስተላልፍ ፔዳሉ ባዶ ይረገጣል። ባለፉት ዓመታት ፍሬኑ «በድንገት» እምቢ አለ ተብሎ የተነገረለት አደጋ ሁሉ በዚህ ምክንያት የደረሰ ባይሆንም፣ ድንገት ከሚባለው ብዙው ግን አስቀድሞ የሚታወቅ ነው።

በሜዳውም ቢሆን ነገሩ አይቀልም። የፎገራ ሜዳ በሩዙና በከብቱ የታወቀ ነው፤ ገበሬውም ከብቱም በአስፋልቱ ይጠቀማሉ። ደህና ጎማና ፍሬን ያለው መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ አሽከርካሪው እግሩን ለማንሣት የሚፈጅበት አንድ ሰከንድ ተጨምሮ፣ 37 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። በ80 ኪሎ ሜትር 58 ሜትር ያስፈልገዋል። ጎማው ካለቀና ፍሬኑ ከደከመ ደግሞ ከ80 ሜትር ያልፋል። በተጨመረው ርቀት ውስጥ የቆመው የገበሬው በሬ፣ አልያም ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ሊሆን ይችላል።

እንዴት ይታቀድ?

ከላይ ከተባለው በመነሣት ለጀማሪ የሚከተለው ቅደም ተከተል ይመከራል።

አንደኛ፣ ይለካ። ለአንድ ወር የተቀዳው ቤንዚንና የተኬደው ኪሎ ሜትር በደብተር ይጻፍ። አንድ የታወቀ ዳገት በተወሰነ ማርሽ ለመውጣት የሚፈጀው ሰከንድ ይመዝገብ። ይህ ሳይደረግ የሚገዛ ማሻሻያ ሁሉ በእምነት የሚገዛ ነው።

ሁለተኛ፣ የጠፋው ይመለስ። ያረጀ ካንዴላ፣ የተደፈነ ማጣሪያ፣ የከሳ ጎማና የሚጎትት ፍሬን የሚወስዱትን ጉልበት በአዲስ ዕቃ ለመተካት መሞከር የሚያፈስ እንስራን መሙላት ነው።

ሦስተኛ፣ ፍሬንና ጎማ ይሻሻሉ። የፍሬን ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይለወጥ፤ ሸራው ጥራት ያለው ይሁን። ጎማ ሲገዛ ጎኑ ላይ የታተሙት አራት አኃዞች ይነበቡ። 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጎሚስታው የሚሞላው አየርም በበሩ ላይ በተጻፈው መጠን ይሁን።

አራተኛ፣ ክብደት ይቀነስ። ሎተስ የተባለውን የመኪና ፋብሪካ የመሠረተው እንግሊዛዊው ኮሊን ቻፕማን በውድድር የታወቀው መኪኖቹን በማቅለል ነበር። ሥራ ፈት የሆነ ፖርቶ መጋላ፣ ከኋላ የተረሳ ብረታ ብረትና የማያስፈልግ ጭነት ቢወርዱ መኪናው ሲወጣም፣ ሲዞርም፣ ሲቆምም ይሻላል። ሦስቱን በአንድ ጊዜ የሚያሻሽል ዕቃ በገበያ አይገኝም።

ከዚህ በኋላ የተረፈ ገንዘብ ካለ ባለቤቱ ደስ ያለውን ያድርግ፤ ግን ደግሞ ይለካ።

የትምህርት ተቋማት ድርሻ

«ይህ ሁሉ ደስታን የሚያጠፋ ስሌት ነው፤ ወጣቱ የሚሻው ስሜቱን ነው» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው መሠረት የለውም አይባልም። ሰው መኪናውን የሚወደው በጁል አስልቶ አይደለም። ሆኖም ጥያቄውን የሚጠይቅ ወጣት ባለበት ቦታ ሁሉ ፊዚክስን ለማስተማር የተመቸ ክፍል አለ። ስለ ግፊት፣ ስለ ሰበቃና ስለ ኢነርጂ መጠበቅ ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ የምናስተምር መምህራን፣ ተማሪዎቻችንን መለኪያ አስይዘን ወደ ጋራዥ ብንወስዳቸው ሁለቱም ወገኖች ይጠቀማሉ። መካኒኩ የእጁን ዕውቀት፣ ተማሪው የስሌቱን ዕውቀት ያዋጣል። የዓመታዊው የቦሎ ምርመራም የተለወጠ ሞላንና ጎማን፣ የፍሬን ዘይትንም እርጥበት በሚገባ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ወደፊት በመንገዱ ላይ የሚበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች አየር ስለማይስቡ ከፍታ ጉልበታቸውን አይቀንሰውም፤ ሲወርዱም ከተበደሩት ኢነርጂ ከፊሉን ወደ ባትሪ ይመልሳሉ። ያም ሆኖ ክብደታቸው ከአቻዎቻቸው ከፍ ያለ በመሆኑ የጎማና የፍሬን ነገር ለእነርሱም ይቀጥላል። ሞተሩ ቢለወጥም ከደብረ ታቦር የሚወረደው ከፍታ ያው ነው። መኪናውን ለማጎልበት ገንዘብ የሚያጠራቅም ሁሉ የመጀመሪያውን ብር ለፍሬኑ ቢያውል ለራሱም፣ አብረውት ለሚሳፈሩትም፣ በመንገዱ ዳር ለሚሄዱትም ይበጃል።