ኮሶው መርካቶ ወረደ፣ ልኩ ግን ተራራው ላይ ቀረ



አንዋር መስጂድ ጁምዓ ሰግዳችሁ በራጉኤል በኩል ወደ ገበያው ስትገቡ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ላስቲክ የተደረደሩትን ቅጠላ ቅጠልና ሥራ ሥሮች ሳታዩ አታልፉም። ጦስኝ አለ፣ ቀበርቾ አለ፣ ጥቁር አዝሙድ አለ፣ የደረቀ ኮሶም አለ። በቅርቡ አንዷን ሻጭ «ኮሶው ምን ያህል ነው የሚጠጣው?» ብዬ ብጠይቃት «እንደ አቅምህ ነዋ!» አለችኝ። ስቄ አለፍኩ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

ያሳሰበኝ ባሌ ውስጥ ያየሁት ነው። አንድ ጊዜ ከዲንሾ ከተማ ወጣ ብላ ተራራው ላይ ባለች መንደር አርፌ ነበር። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ብርዳም ደጋ ነው፤ የኮሶ ዛፍ እንደ ልብ ይበቅልበታል፤ በኦሮምኛ ሄጦ ይሉታል። ያሳደሩን እናት መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቴዋ ዛፍ አበባ መሆኑን ዛፉ ሥር ወስደው አሳዩን። ኮሶ ፈልጎ የሚመጣ ሰው ግን ወዲያው አይሰጠውም። መጀመሪያ ይጠየቃል፦ ለማን ነው? ዕድሜው ስንት ነው? ሌላ ሕመም አለበት? ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሰጡም፤ ያስወርዳል። ልኩን በእጃቸው ሰፍረው፣ በማለዳ በባዶ ሆድ ያጠጣሉ። ካልሻረውስ? «አልደግምለትም፤ ሐኪም ቤት ሂድ እለዋለሁ» አሉን በአስተርጓሚ።

እንግዲህ ልብ በሉ! አበባው ተጭኖ መርካቶ ደርሷል፤ ጥያቄዎቹ ግን አብረውት አልመጡም።

ይህ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ከልክ ያለፈ ኮሶ ከማስመለስና ከሆድ ቁርጠት አልፎ የዓይን ነርቭ ጎድቶ ብርሃን ያሳጣቸው ሰዎች እንዳሉ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ዛሬ ለኮሶ ትል ከመንገድ ኮሶ ገዝቶ የሚጠጣበት ምክንያት የለም። ፕራዚኳንቴል የሚባለው ክኒን ሐኪም በሚያዘው ልክ ይወሰዳል፣ ይበቃል። ትሉ የሚመጣው በጥሬ ሥጋ መሆኑንም አትርሱ፤ ቁርጡንና ጥሬ ክትፎውን ሳይተዉ መድኃኒት መደጋገም ምን ይሉታል?

እንዲህ ስል ግን የተራራዋን እናት እየናቅሁ አይደለም። የእንዶድን ታሪክ ታውቁት ይሆናል። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የወንዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ሥራው በ1989 እ.ኤ.አ. ለእሳቸውና ለባልደረባቸው ለዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። መነሻው ግን እናቶች ለሳሙና ብለው የሚወቅጡት ፍሬ ነበር።

ስለ ጥቁር አዝሙድ የመጣውን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። በዳቦና በምግብ መብላቱ መልካም ነው። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ግን ዘይቱን በማንኪያ ከመጠጣታችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ስኳርንም ግፊትንም ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል ከመድኃኒቱ ጋር ሲደመር ያዞራል፣ ይጥላል። «ሐኪሙ ይቆጣኛል» ብሎ መደበቅ የብዙዎቻችን አመል ነው። ይቆጣ!

ለኢድ አገር ቤት የምትገቡ ወንድሞችና እህቶች አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ደብተር ያዙ። መድኃኒት የሚያውቁ አያት ካሉ፣ ተክሉን በአካባቢው ስሙ፣ ቅጠሉ ይሁን ሥሩ፣ ልኩንም ጭምር ጻፉ። ከሁሉ በፊት ግን «ለማን አይሰጥም?» ብላችሁ ጠይቁልን።