ጄኔሬተር የሚገዛው ለባትሪው ነው ወይስ ለጎረቤት ዓይን?

አምና ሰኔ ላይ ትልቅ ጄኔሬተር ገዛን። «ገዛን» ስንል አራት ልጆች አዋጥተን ነው፤ ሁለታችን ከአዲስ አበባ፣ አንዱ ከደብረ ብርሃን፣ አንዷ ደግሞ ከሪያድ። ዛሬ ያ ጄኔሬተር መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለው የወላጆቻችን ግቢ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ለብሶ ቆሟል። ዶሮዎች ይሰፍሩበታል። አንዷማ እንቁላል ጥላበታለች፤ እስካሁን ከእሱ ያገኘነው ጥቅም እሱ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። እዚያ ቤት የመብራት መስመር አልደረሰም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ አባታችን በሶላር በሚሠራው ቴሌቪዥናቸው አይተው አጨብጭበዋል። 5,150 ሜጋ ዋት ደስ ይላል፤ ግድቡ አለቀ ማለት ግን ምሰሶው ደጃችን ቆመ ማለት አይደለም። እስከዚያው ያለን ሶላር ነው።

ሶላሩ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ንጉሥ ነው። ዝናቡ ሲገባ ግን ጉሙ ተራራውን ያለብስና ሁለትና ሦስት ቀን ፀሐይ ሳናይ እንውላለን። አምና ታናሿ እህታችን የ12ኛ ክፍል ፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀራት ኢንቨርተሩ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ጢጥ ጢጥ እያለ ይጠፋባት ጀመር። ደነገጥን። አጎታችን «ከገዛችሁ አይቀር ትልቁን ግዙ፣ ሰው ይየው» አሉ። እኛም አምስት ኪሎ ዋት ገዛን።

የመጀመሪያው ምሽት ሠርግ ይመስል ነበር። ጎረቤት ተሰብስቦ አየ። በአራት ሰዓት ውስጥ ስድስት ሊትር ያህል ቤንዚን ጠጣ፤ ያበራው ስድስት አምፖል፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ላፕቶፕ ነው። በሦስተኛው ቀን ማደያው በጀሪካን አልቀዳም አለ። ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን በውድ ገዛን። በስድስተኛው ቀን ገንዘቡም ቤንዚኑም አለቀ። ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን ያ ሁሉ ሲቃጠል ባትሪዎቹ ባዶ እንደነበሩ መቅረታቸው ነው። የሶላሩ ኢንቨርተር ከጄኔሬተር የሚሞላበት መግቢያ የለውም፣ ቻርጀርም አልገዛንም ነበር።

እህታችን ያሰበችውን ውጤት አላገኘችም። ጥፋቱን ሁሉ በጄኔሬተር አናላክክም። ዘንድሮ ግን ደግማ ልትፈተን ነው፤ ስለዚህ ሒሳቡን እንደገና ሠራነው። አቋማችንም ይሄ ነው፦ ሶላር ላለው ቤት ጄኔሬተር የሚገዛው ቤቱን ለማብራት አይደለም፣ ባትሪውን ለመሙላት ነው።

እስኪ አብራችሁን አስሉ። አምፖሎቹ፣ ቴሌቪዥኑ ከነሪሲቨሩ፣ ላፕቶፑና ስልኮቹ ተደምረው በቀን 800 ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃሉ፤ ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ሲጨመር 1,000 እንበል። ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፒር ሰዓት የሆኑ ሁለት ጄል ባትሪዎች አሉን። ሁለቱ 4,800 ዋት ሰዓት ይይዛሉ፤ እንዲህ ያለ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ግን ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል። ስለዚህ 2,400 አለን፤ ያለ ፀሐይ ሁለት ቀን ያደርሰናል።

አሁን 40 አምፒር የሚሰጥ ቻርጀር እናስገባ። ከጄኔሬተሩ የሚፈልገው 700 ዋት ገደማ ነው። ሦስት ሰዓት ቢሠራ 120 አምፒር ሰዓት፣ ማለትም ከአንድ ቀን ፍጆታ በላይ ያስገባል። ባትሪው ወደ 80 በመቶ ሲጠጋ መሙላቱ ይዘገያል፤ ያኔ ጄኔሬተሩን አጥፍቶ የቀረውን ለፀሐይዋ መተው ነው። ትንሽ ጄኔሬተር ለዚህ ሥራ በሰዓት አንድ ሊትር ቢጠጣ፣ በየሁለት ቀኑ ሦስት ሊትር ይበቃናል። አምና የአንድ ምሽቱ ስድስት ነበር።

እንግዲህ 700 ዋት ከሆነ 1,000 ዋት የሚል እንግዛ? አይሆንም። እዚህ ላይ መንዝ ራሱ ጣልቃ ይገባል። ቤታችን ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተር ይደክማል፤ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል። 2,000 ዋት የተጻፈበት እኛ ዘንድ ሲደርስ 1,300 ቢሆን ነው። የተጻፈውም ለረጅም ሰዓት የሚችለውን ይሁን ለአፍታ ብቻ የሚችለውን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሻጭ የሚያሳያችሁ ትልቁን ቁጥር ነው። ርካሽ ቻርጀር ደግሞ ጄኔሬተሩን ከዋቱ በላይ ያስጨንቃል። ለእኛ ልኩ ባለ 2,000 ዋቱ ነው። ፍሪጅ ወይም የውሃ ፓምፕ በቀጥታ የሚያገናኝ ሰው ሒሳቡ ይለያል፤ ሞተር ሲነሳ ከሥራው ብዙ እጥፍ ይስባል።

ናፍጣስ? በዚህ መጠን አንመክርም። ከባድ ነው፣ በመንዝ ብርድ ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል፣ ሥራ ሲያንሰው ደግሞ ጥላሸት ይይዘዋል። ድምፅ የማያሰማው ባለ ኢንቨርተር ጄኔሬተር ለከተማ ሸጋ ነው፤ ሲበላሽ ግን አዲስ አበባ ድረስ ይዞን ይመጣል። የኛ ላፕቶፕ መብራት የሚያገኘው ከባትሪው ስለሆነ የጄኔሬተሩ ሸካራ መብራት አይነካውም። ስለዚህ የሰፈሩ የሞተር ሳይክል ሜካኒክ ፈትቶ የሚገጥመውን ተራውን የቤንዚን ጄኔሬተር መርጠናል። ካርቡሬተሩንም ለደጋ ያስተካክልልናል።

አንድ ነገር ግን ለድርድር አይቀርብም። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ሰው እንደሚገድል ሁላችንም እናውቃለን። የጄኔሬተር ጭስም ያው ነው፤ ገዳዩ ጋዝ ሽታ የለውም። እናታችን አምና «ዝናብ እንዳይመታው» ብለው ማድቤት ሊያስገቡት ነበር። የድንጋይ ቤት፣ ጠባብ መስኮት፣ ብርድ ፈርቶ የተዘጋ በር። ዘንድሮ ከቤቱ ራቅ ብሎ አራት እንጨት ተተክሎ ቆርቆሮ ይደረግለታል፤ ዙሪያው ክፍት ይሆናል። ቤንዚን የሚሞላውም ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው።

የግዢያችን ቅደም ተከተል እንግዲህ ይኸው፦ መጀመሪያ ቻርጀር፣ ቀጥሎ ትንሿ ጄኔሬተር፣ ከተረፈ ተጨማሪ ፓኔል። ሶላር የምትሸጡ ወገኖቻችንም፣ ደንበኛ ሲመጣ «ስንት አምፖል አለህ?» ብላችሁ አታቁሙ። «ክረምት ላይ ስንት ቀን ጉም ይውላል?» በሉት። ያንን ጥያቄ የሚጠይቀን አጥተን ነው የከሰርነው።

አጎታችን አሁንም ትልቁ ያምራል ይላሉ። የሚገዛ ካለ እንደራደራለን። ዶሮዋ ግን አብራ አትሸጥም።