ካርዳችን ለምን ድንበር አይሻገርም?



ባለፈው ወር አንድ ወንድማችንን ከካምፕ ይዤ እዚሁ ገዳሪፍ ክሊኒክ ሄድኩ። ትኩሳቱ አልለቅ ብሎታል፣ ሆዱ አብጧል። በፈጣኑ የደም ምርመራ "ካላዛር አለብህ" ተባለ። ልጁ ግን የ17 ቀኑን መርፌ መተማ እያለ ጨርሶ ነበር፤ ወረቀቱ በሽሽት ጠፋ። ያ ምርመራ ደግሞ ሰው ከዳነ በኋላም ለወራት "አለ" ይላል። በእርግጥ አገርሽቶበት ከሆነም ሕክምናው ከመጀመሪያው ይለያል። ሐኪሙ የቀድሞ ካርዱን ሳያይ በምን ይወስን?

የሚገርመው፣ ኢትዮጵያም ሱዳንም የጤና ሪፖርት የሚያጠናቅሩበት ሶፍትዌር አንድ ነው፤ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ዲኤችአይኤስ 2። ሆኖም ወደ ላይ የሚሄደው የሕሙማን ብዛት ነው፤ የአንዱ ታማሚ ታሪክ ጋላባትን አያልፍም። ከሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ወዲህ ደግሞ በዚያ መንገድ ስንቱ ወዲያና ወዲህ ተሰደደ!

የሁለቱ አገር ጤና ቢሮዎችና የስደተኛ ድርጅቶች የታማሚን ታሪክ ይለዋወጡ እላለሁ። ግን በእኛ ፈቃድ፣ ለሐኪም ብቻ! ስደተኛ ስሙ ጸጥታ ሰው እጅ ይገባል ብሎ ከፈራ ሕክምናውን ትቶ ይደበቃል።

እስከዚያው ካርዳችሁን በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ለምታምኑት ዘመድም ላኩት። ስልክም ይጠፋልና።