ጋሼን ማን ይጠይቃቸው?

ይድረስ፦ በደሴ፣ ሐይቅና ውጫሌ መስመር ስምሪት ለምትሰጡ፣ መኪናችሁንም ለአሽከርካሪ ለምታስረክቡ ሁሉ

ስምሪት ሲሰጥ መንጃ ፈቃድ ይታያል፣ ቦሎ ይታያል፣ ትርፍ ሰው ይቆጠራል። መሪውን የሚጨብጠው ሰው ጠጥቶ እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም። ወጣት ሾፌር ቢንገዳገድ ምናልባት አንድ ሰው ይቆጣው ይሆናል። ፀጉራቸው የሸበተ ከሆነ ግን «ጋሼ መንገዱን ያውቁታል» ተብሎ ይታለፋል። ይህን አሠራር እቃወማለሁ።

በጥር፣ በሠርግ ሰሞን፣ ከሐይቅ ወደ ደሴ በአባዱላ ተሳፍሬ ነበር። ሾፌሩ ስድሳን የተሻገሩ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። የአረቄው ሽታ ሁለተኛው ወንበር ድረስ ይመጣል። አንዲት እናት «ኧረ ቀስ ይበሉ» ቢሏቸው «አብሽሪ» ብለው መለሱ። ረዳቱ አንገቱን ደፍቶ ብር ይቆጥራል። ሲጠጡ ያያቸው እሱ ነው፤ እንዳይናገር ደግሞ እንጀራውም ይሉኝታውም በእሳቸው እጅ ነው። መንገድ ላይ ያስቆመን ትራፊክ ወረቀታቸውን አይቶ በአክብሮት አሰናበታቸው።

ልምዳቸውን አልክድም። ከቦሩ ሜዳ ቁልቁል ያለውን እያንዳንዱን ኩርባ ያውቁታል። ነገር ግን ዕድሜ ሲገፋ በሰውነት ውስጥ ያለው ውኃ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በሠላሳ ዓመታቸው ይችሉት የነበረው ያው ሁለት መለኪያ አሁን በደማቸው ውስጥ ከፍ ብሎ ይገኛል። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ሊያዞር፣ ሊያደነዝዝ ይችላል። ሌሊት የጠጡትም በእንቅልፍ ብቻ አይጠፋም፤ ጉበት በራሱ ፍጥነት ነው የሚያጣራው። ቡና ያነቃል እንጂ አልኮሉን ከደም አያወጣም። ጫት ቅሞ በጨብሲ የሚያበርደውማ፣ በዕድሜ ትልቅም ትንሽም ቢሆን፣ የገዛ ድካሙን እንኳ በትክክል አይሰማውም። የትራፊክ ደንቡም ጠጥቶ ማሽከርከርን ሲከለክል ለሽበት የተለየ ይቅርታ አልጻፈም።

ባለንብረቶች፣ የእናንተ ድርሻ ከሁሉም ይከብዳል። ብዙ አዛውንት ሾፌሮች ጡረታ የላቸውም። አንድ ቀን ከቀሩ የዕለቱ ገቢ ይቀራል፣ ተራቸውም ለሌላ ይሰጣል። እንዲህ ያለ ሰው «ዛሬ አልተሻለኝም» ብሎ እንዴት ይናገራል? ስለዚህ አምኖ ለቀረ ሾፌር ተራው ይጠበቅለት። ረዳቱም ሾፌሩ መጠጣቱን ስለተናገረ ከሥራ አይባረር።

ስምሪት ሰጪዎች ደግሞ ወረቀቱን ከመፈረማችሁ በፊት ሁሉንም አሽከርካሪ በትንፋሽ መመርመሪያ ፈትሹ። መሣሪያው እስኪገኝ ፊት ለፊት ቆማችሁ አነጋግሩት፤ «መቼ ጠጡ? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። ሁሉም ከተጠየቀ ማንም አይዋረድም፤ ለጋሼም ከወጣቱ ጋር እኩል መጠየቁ ይቀላቸዋል።

መስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም ምእመናን ሲጎርፉ በአምባሰል ተራራ ላይ የሚወጣና የሚወርደው መኪና ብዙ ነው። ሾፌር ሲታጣ ከበዓል ገበታ የተነሣም ይጠራል። ጥያቄው ከዚያ ቀን በፊት ይጀመር፤ በመናኸሪያው በርም ተጽፎ ይለጠፍ፣ ተሳፋሪውም አንብቦ ይጠይቅበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የመስመሩ ተሳፋሪ